ከላይ አትምጣበት

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው በር፣
በርበሬ ከሚያስነጥሰው ከነጋዴው ጥግ ዳር፣
የእግር መኪናዬን ይዤ እቀመጣለሁ፤
ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ኪስ እቀይራለሁ።

ከኋላ ካለው ክፍል ተከራይቶኝ ነበር
ባዮሎጂ አስተማሪ፣ ብዙ የማይናገር፤
እንዳላማው ስሙ፣ አገሩም ሞጣ፣
ከብርድ ልብሱ ጋራ እባብ ይዞ የመጣ።
ቡናማ፣ እንደ ሐር ክር የለሰለሰ ገላ፣
መርዝ የለሽ የቤት እባብ፣ አይጥ ብቻ የሚበላ።

ሐምሌ ላይ ለኮርስ ባሕር ዳር ሲሄድ፣
ሣጥኑን አኖረው ከመኪናዬ ዘንድ።
ከደብተሩ ቀዶ ያቀበለኝ ወረቀት
እንዲህ ይል ነበረ፣ በእርሳስ ጽሕፈት፦

«ከላይ አትምጣበት። ከላይ የሚመጣ
ጭልፊት ነው ለእሱ፣ ጥፍሩን ያወጣ።
ከጎኑ ቀርበህ እጅህን ከሆዱ ሥር ስደድ፤
አንገቱን አትጨብጥ፤ ክንድህ ይሁነው መንገድ።
አይጥ የነካ ጣትህን ሳትታጠብ አትስጠው፤
ጣት አይደለም ያኔ፣ እራት ነው የሚመስለው።
ከበላ ሁለት ቀን አትንካው፣ ያስመልሳል፤
ሆዱ ሞልቶ ሳለ ሰው ምን ያደርግለታል?
ዓይኑ ሲደፈርስ ቆዳውን ሊጥል ነው፤
ያን ሰሞን ቁጡ ነው፤ ብቻውን ተወው።
ይወደኛል አትበል። እባብ አይወድም።
ይለምድሃል ግን። ይህም ትንሽ አይደለም።»

አንድ ሳምንት ሸሸሁት። እውነቱን ልንገር፦
አንገቴ ላይ ያለው ሜትር ሲንሸራተት እጮህ ነበር።
እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ፣
እኔስ በገዛ ሜትሬ ስንቴ ልቤ ዘለለ።

በስምንተኛው ቀን ክዳኑን አንሥቼ
እጄን አወረድኩት፤ ከላይ፤ ረስቼ።
ጅራቱ ተርገፈገፈ፣ አንገቱ ታጠፈ፣
አውራ ጣቴን ነክሶ ወደ ጥጉ አለፈ።
ሦስት ነጥብ ደም ወጣ፣ መርፌ ከሚያወጣው ያነሰ፤
ጩኸቴ ግን መናኸሪያው ደረሰ።

የበርበሬው ቢያድግልኝ ዱላውን ይዞ መጣ፤
«እባብ ግደል፣ ከነ በትሩ ገደል!» አለ በቁጣ።
ልሰጠው ነበረ። ሣጥኑን ገፋሁለት።
የፍርሃቱን ግማት ለቅቆ፣ ተለጥፎ ከእንጨት፣
ዱላው ከፍ ሲል ግን እባቡ ብቻ አልነበረም
አንገቱን የቀበረው።
ከበሩ ጀርባ ልጁ ነበር፣ ውዱ፣ ተለማማጄ፤
ስፌት ባጣመመ ቁጥር፣ ማስመሪያ ይዤ በእጄ፣
ከላይ የምመጣበት።

«ተወው» አልኩ ቢያድግልኝን። «የሰው አደራ ነው።»
ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ይኸው።

ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲወቅጥ
እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ መሬት ስቀመጥ፣
መዳፌን ከጎኑ አኖርኩ። ጠበቅሁ። ምላሱ
ወጣች፣ ገባች፤ ሽታዬን አነበበች ለራሱ።
ከዚያ በጣቶቼ መሐል፣ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ፣
ሾለከ፤ እርጥብ መስሎኝ ነበር፤ ደረቅ ነው፤ ለእጄ እንግዳ።
ክንዴን ወጥቶ ከሜትሬ ጎን ዐረፈ፤
ልለካው ብሞክር፣ ስልሳ ሳልል አለፈ።

በጳጉሜን ዓይኑ ወተት መሰለ፤ አልነካሁትም።
ውዱም አንድ ጠዋት ዓይኑ ደፍርሶ መጣ፤ አልጠየቅሁትም፤
የተደባለቀ ቁልፍ ሰጠሁት፣ በቀለም እንዲለይ።
ከሰዓት ራሱ ነገረኝ፣ ሱሪ እየገለበጠ፣ ፊቴን ሳያይ።

መስከረም ላይ እንዳላማው መጥቶ ሣጥኑን ወሰደ።
«ነከሰህ?» አለኝ። «አንዴ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» ሳቀና ሄደ።
ብጣቂዋ ቀርታለች፣ ከሜትሩ ሚስማር ላይ፤
ደንበኛው ሁሉ ይጠጋል፣ የዋጋ ዝርዝር መስሎት ሲያይ።

ውዱ ዛሬም ያጣምማል፣ የግራ እግሩን ስፌት፤
ማስመሪያው መስኮት ደግፏል፣ ነፋስ እንዳይዘጋት።
በርጩማዬን ስቤ ከጎኑ ዝቅ እላለሁ።
አንገቱ አልፎ አልፎ አሁንም ይሰበራል። አያለሁ።
እጄን ከጨርቁ ሥር እሰዳለሁ፤ እጠብቃለሁ።